ሞክሳ፤ በሙቀት የማከም ጥበብ

የቻይና ሐኪሞች በመርፌና በሙቀት ማከምን በአንድ ስም «ጀንጂዩ» ይሉታል፤ «ጀን» መርፌ ሲሆን «ጂዩ» በእሳት ማከም ነው። ሞክሳ የተባለው ሁለተኛው ነው። ስለዚሁ ሕክምና የሚናገሩ ጽሑፎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ዓመት ከተዘጋ የማዋንግዱይ መቃብር በ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተገኝተዋል።

መድኃኒቱ የአሪቲ ዘመድ የሆነ ቅጠል ነው። ደርቆ ይወቀጣል፤ ተነፍቶም እንደ ጥጥ ሲለሰልስ በወረቀት ተጠቅልሎ ይለኰሳል። ፍሙ ከቆዳው ጥቂት ራቅ ተደርጎ ሲያዝ ዓላማው ማሞቅ እንጂ እንደ ብረት ተኩስ ማቃጠል አይደለም።

ታዲያ ይጠቅማልን? በ1998 የታተመ ጥናት፣ ፅንሳቸው በመቀመጫው የመጣ 260 የበኵር እርጉዞችን በቻይና ለሁለት ከፈለ። የእግራቸው ትንሽ ጣት አጠገብ ሙቀት ከተደረገላቸው መካከል በ35ኛው ሳምንት የ75 በመቶው ፅንስ ጭንቅላቱን ወደ ታች አዙሮ ተገኘ፤ ካልተደረገላቸው 48 በመቶ ብቻ። በኢጣሊያ ተሞክሮ በ2005 የታተመው ግን በአጋማሽ ተቋረጠ፤ ልዩነትም አላሳየም። ብዙ ጥናቶችን ያመዛዘነው የ2023 ግምገማ ደግሞ፣ ከተለመደው ክትትል ጋር ሲጨመር ሳይረዳ አይቀርም ይላል።

እንግዲህ የመድኃኒት ዕድሜ ማስረጃ አይሆንም፤ ባዕድነቱም ለመናቅ ምክንያት አይሆንም። የእናትና የልጅ ሕይወት ያለበት ነገር በወሬ ሳይሆን በቍጥር ይፈረድ።