ሸክሙን ሳትመዝኚ አትጻፊ

ልጄ፣ የፍስሐ ገነት ከተማን የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት የመቁጠሩ ሥራ ለአንቺ እንደተሰጠ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ሰጋሁም። በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው የሚለው አያጣም፣ ስሚኝ።

1. ድንበርሽን አስቀድመሽ ወስኚ። ከተማዋን ብቻ ነው ወይስ ኮቾሬ ወረዳን በሙሉ? ማገዶው ከገጠር ቀበሌ በሴቶች ጀርባ ይገባል፣ ቡናው በአይሱዙ ወደ ዲላ ይወጣል። ድንበር ከሌለሽ አንዱን ጭስ ሁለቴ ትቆጥሪያለሽ፣ ሌላውን ትረሽዋለሽ።

2. የምድጃውን እንጨት ራስሽ መዝኚ። በወጣትነቴ ቅጽ ይዤ ቤት ለቤት ስዞር እናቶች «በሳምንት ሦስት ሸክም» ሲሉኝ እንዳሉኝ ጻፍኩ፤ የሸክሙን ኪሎ ግን ከሌላ አገር ጥናት ወስጄ አባዛሁት። ኋላ አንዲት እናት ሸክማቸውን ደጃፍ ላይ ሲያወርዱ ሚዛን ላይ ሰቀልኩት። ከጻፍኩት ግማሹን እንኳ አልሞላም። ፍልጥ መስሎኝ የነበረው ጭራሮና ከቡና ጉንደላ የተረፈ እንጨት ነበር። ያንን ሁሉ ወረቀት እንደገና ጀመርኩት።

ስለዚህ መዝኚ፤ በበጋም በክረምትም። አንድ ቤት በቀን 6 ኪሎ ደረቅ እንጨት ቢያነድ በዓመት 2,190 ኪሎ ነው። ከአንድ ኪሎ 1.75 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ 3.8 ቶን ይሆናል። የተቆረጠው ዛፍ ዳግም ካቆጠቆጠ ግን ጋዙን መልሶ ይወስደዋል። እንጨቱ ከየት እንደመጣ ሳትጠይቂ ከዚያ ቤት አትውጪ።

3. የሌላ ከተማ ቅጽ አትቅጂ። አዲስ አበባ ላይ ዋናው ነገር መኪናና ቆሻሻ ነው። እዚህ ጌዴኦ ግን እንሰት፣ ቡና፣ ብርብራና ዋንዛ በአንድ ጓሮ ተደራርበው ይኖራሉ፤ የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በዚህ ነው። ዛፉን 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ለኪ። ቡና ከታች ስለሚከፋፈል በ40 ሳንቲ ሜትር ይለካል፤ መሰለ ነጋሽና ባልደረቦቻቸው የዚህን አካባቢ ቡና ያጠኑት እንዲሁ ነው። ግንዱና ቅርንጫፉ ሲደርቅ 100 ኪሎ ከሆነ 47 ኪሎው ካርቦን ነው፤ በ3.67 ሲባዛ 172 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ካርቦን ደግሞ አፈር ውስጥ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እንሰቱና የጥላ ዛፉ ተነቅሎ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ የተተካበት ማሳ ነው። የጨመረውን ብቻ አትመዝግቢ፣ የጠፋውንም ጻፊ።

4. ላም ስታመሰኳ ሜቴን ታወጣለች፤ አንዱ ኪሎ በመቶ ዓመት ስሌት 28 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህላል። የመብራት ቆጣሪ ብዙ አያድክምሽ፣ ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ ነው። የወፍጮውን ናፍጣ ግን እያንዳንዱን ሊትር በ2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስቢ። የቡና ማጠቢያውን ፍሳሽ ኩሬም አትለፊው።

5. ትንበያ ላይ ትሑት ሁኚ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገራችን አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የ2010ን ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ብሎ፣ በነበረበት ከቀጠለ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገመተ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታደሰው ዕቅድ ያንኑ የ2010 ልቀት 247 ሚሊዮን አለው። ያለፈው ጊዜ ቁጥር እንዲህ ከታረመ የሚመጣው እንዴት ይሆናል? የሕዝብ ቁጥራችንም ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የተሰላ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ ድንበር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲፈናቀል ያንን ቀድሞ የጻፈ ሠንጠረዥ አልነበረም። አንድ መስመር አትሳይ፣ ሦስት ሳይ፤ ምን ቢሆን እንደሆነም ከየመስመሩ ጎን ጻፊ።

6. ከማስረከብሽ በፊት ቁጥሩን ይዘሽ ወደ ሽማግሌዎቹ ሸንጎ፣ ወደ ሶንጎ ሂጂ። የትኛው ዳገት መቼ እንደተራቆተ፣ ጫቱ በየትኛው ዓመት እንደገባ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ፤ ያርሙሻል። ከዚያ ሸክማቸውን ወደመዘንሽላቸው እናት ቤት ተመለሺ። ቡና ሲያፈሉ ቁጭ ብለሽ የእሳቸው ምድጃ በዓመት ስንት እንደሆነ ንገሪያቸው።