ፖስት ካርዱ ላይ የሌሉት ሰዎች

በዚህ እትም ከአንድ አሮጌ ፖስት ካርድ የተነሣ ትምህርት ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ።

ፖስት ካርዱ የአያቴ ነው። አያቴ በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበሩ። ያኔ የአገራችን ዕቃ በብዛት የሚገባው በአሰብ ወደብ ስለነበረ መኪኖቹ በእኛ በሰርዶ በኩል ነበር የሚያልፉት። ካርዱን ወደቡ ላይ አንድ የውጭ አገር መርከበኛ ሰጣቸው። እስከ ዛሬ ድረስ ከመታወቂያቸው ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡታል። ለእኔ ያሳዩኝ ክረምት ላይ ነው።

ካርዱ ላይ ያለው አንድ ትልቅ ጥቁር መድፍ ነው። አራት ትንንሽ የእንጨት እግር ባለው ሰረገላ ላይ ተቀምጧል። አፉ በመርከቡ ግድግዳ ላይ ባለች አራት ማዕዘን መስኮት በኩል ወደ ውጭ ይመለከታል። ግድግዳው እንጨት፣ ወለሉ እንጨት፣ ጣራውም እንጨት ነው። ሁሉም ተወልውሎ ያበራል።

እኔ መድፉን በጣም ስለወደድኩት ደብተሬ ላይ ሣልኩት። ሥዕሉን ለኅብረተሰብ መምህራችን ሳሳያቸው ግን ሌላ ነገር ጠየቁኝ። «ጎበዝ፣ ጥሩ ሥዕል ነው። ግን ሰዎቹስ የት አሉ?» አሉኝ። ካርዱን መልሼ አየሁት። እውነትም አንድም ሰው የለበትም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ጥያቄ መልስ ፈልጌ ነው።

1. መርከቡ

ከካርዱ ጀርባ ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መምህራችን አነበቡልኝ። መርከቡ «ቪክቶሪ» ይባላል። «ድል» ማለት ነው። የእንግሊዝ የባሕር ኃይል የጦር መርከብ ሲሆን ባሕር ላይ የወረደው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1765 ነው። ለሥራው ወደ 6,000 የሚጠጉ ዛፎች ተቆርጠዋል። አብዛኛው ኦክ የሚባል ጠንካራ እንጨት ነው። ሞተር የለውም፤ የሚሄደው በሸራና በነፋስ ነው።

በ1798 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1805) ትራፋልጋር በሚባል ቦታ ከፈረንሳይና ከስፔን መርከቦች ጋር ሲዋጋ 104 መድፎች ነበሩት። በላዩ ላይ ከ800 በላይ ሰዎች ነበሩ። አዛዡ አድሚራል ኔልሰን እዚያው ተመትቶ ሞተ። መርከቡ ግን ዛሬም ፖርትስመዝ በሚባል የእንግሊዝ ከተማ ቆሞ ይጎበኛል።

2. መድፉ እንዴት ይተኮስ ነበር?

ከታችኛው ወለል ያሉት ትልልቆቹ መድፎች እያንዳንዳቸው ወደ 28 ኩንታል ይመዝናሉ። አንዷ የብረት ጥይት 14 ኪሎ ተኩል ገደማ ናት። አንዱን መድፍ ለመተኮስ ደርዘን የሚያህሉ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ሥራው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

ሀ. የቀረ የእሳት ፍንጣሪ እንዲጠፋ የመድፉን ሆድ በረጅም እንጨት ላይ በታሰረ እርጥብ ነገር ይጠርጋሉ።
ለ. በጨርቅ ከረጢት የታሰረ ባሩድ ያስገባሉ።
ሐ. ጥይቱን ያስገቡና በእንጨት ይጠቀጥቁታል።
መ. መድፉን በገመድ ጎትተው አፉን በመስኮቱ ያወጡታል።
ሠ. ከኋላ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በኩል እሳት ይለኩሳሉ።

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የተማርነው የኒውተን 3ኛ ሕግ እዚህ ጋ ይመጣል። ጥይቱ ወደ ፊት ሲሄድ መድፉ ወደ ኋላ ይሄዳል። 28 ኩንታል ብረት በድንገት ወደ ኋላ ሲመጣ ከኋላው የቆመ ሰው አለቀለት! ለዚህ ነው ካርዱ ላይ ያ ወፍራም ገመድ መድፉን ከግድግዳው ጋር ያሰረው። እኔ ግን መጀመሪያ ገመዱን ለጌጥ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባሩድ በእሳት አጠገብ አይቀመጥም። የሚቀመጠው ከመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ከታች ነው። ታዲያ በጦርነት መካከል ከታች ወደ ላይ ማን ያመላልሰዋል? አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ናቸው! ትንንሽ ስለሆኑ በጠባቡ ደረጃ ቶሎ ይሮጣሉ። በትራፋልጋር ቀን ቪክቶሪ ላይ ወደ 30 የሚጠጉ ልጆች ነበሩ። የትንሹ ዕድሜ 12 ዓመት ነው። 12 ዓመት እኮ የእኛ ዕድሜ ነው! እኛ ጀሪካን ይዘን ውኃ እንቀዳለን፤ እነሱ ባሩድ ይዘው በጭስና በጩኸት መካከል ይሮጡ ነበር። የጠላት ጥይት ግድግዳውን ሲመታ ደግሞ እንጨቱ እየተሰነጠረ እንደ ጦር ይበር ነበር። ብዙ ሰው የሚቆስለው በዚያ ስንጣሪ ነው። በዚያን ቀን ቪክቶሪ ላይ ብቻ 57 ሰዎች ሞቱ፤ 102 ቆሰሉ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የካርዱ ወለል ማብራቱ አላስደሰተኝም።

3. የእኛው መድፍ

«ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ተማሪ ይኖራል። እኛም አገር ስሙ የታወቀ መድፍ አለ፦ ሴባስቶፖል። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያሠሩት ነው። ስሙ የተወሰደው በሩቅ አገር፣ በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበች ከተማ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው። ስለዚህ ከቪክቶሪ ትልቅ መድፍ ሁለት እጥፍ ተኩል ይመዝናል።

የቪክቶሪን መድፎች ነፋስና ባሕር ተሸከሙላቸው። ሴባስቶፖልን ግን ሰው ነው የጎተተው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ መውጣት ነበረበት። መንገድ ስላልነበረ ድንጋይ እየተፈለጠ ተሠራ። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ይሠሩ ነበር ይባላል። የሚገርመው፣ በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወርዶ ወደ መቅደላ ሲመጣ ያንኑ መንገድ ተጠቀመበት። እነሱ ከባድ መድፋቸውን ያስጫኑት ከህንድ ባመጧቸው 44 ዝሆኖች ነበር። የባሕር ኃይል ሰዎችም ከመርከብ ወርደው ሮኬታቸውን በበቅሎ ጭነው አብረው ዘመቱ።

ሴባስቶፖል ግን ያ ሁሉ ሰው ጎትቶት ጦርነቱን አላሸነፈም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘ፤ አፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ። መድፉ እዚያው አምባው ላይ ቀረ። አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል።

4. ሒሳብ እንሥራ

ሴባስቶፖልን ለመጎተት 500 ያህል ሰው ያስፈልግ እንደነበር ይነገራል። 7 ቶን 7,000 ኪሎ ነው። 7,000 ÷ 500 = 14። ለአንድ ሰው 14 ኪሎ ደረሰው ማለት ነው። ይህ የቪክቶሪን አንድ ጥይት ያህላል!

14 ኪሎ ከጀሪካን ያንሳል ብላችሁ እንዳትንቁት። ገደል ሲወጣ አንዱ ገመድ ቢለቅ የእሱ ድርሻ ለጓደኞቹ ይጨመራል። ሲወርድ ደግሞ መድፉ በራሱ ስለሚሮጥ ከኋላ ሆኖ መያዝ ያስፈልጋል። እንዲህ እያሉ ለወራት ሄዱ።

ማጠቃለያ

የኔልሰንን ስም ዓለም ያውቀዋል። የቴዎድሮስን ስም ሁላችንም እናውቃለን። መድፉ እንኳ ስም አለው፤ ሴባስቶፖል። የ500ዎቹን ስም ግን የሚነግረን የለም። ይህን ሁሉ ለአያቴ ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «እኛም ስንት ሺህ ኩንታል አወረድን። ዕቃው ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፏል፤ የጫነው ሰው ስም ግን አይጻፍም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ደብተሬ ላይ ያለውን ሥዕል አሟላሁት። መድፉ አጠገብ ባሩድ የያዘ አንድ ልጅ ሣልኩ። ለፊቱ ማንን ልምሰል ብዬ ሳስብ ቆየሁና የክፍል ጓደኛዬን አስመሰልኩት።

ጥያቄዎች

1. የቪክቶሪ አንድ ትልቅ መድፍ 28 ኩንታል፣ ጥይቷ 14 ኪሎ ተኩል ከሆነች መድፉ የጥይቷን ስንት እጥፍ ይመዝናል?
2. መድፉ በገመድ ባይታሰር ምን ይፈጠር ነበር? በኒውተን 3ኛ ሕግ አስረዱ።
3. ቤታችሁ ያለ አንድ አሮጌ ፎቶ ተመልከቱ። ፎቶው ላይ ሳይኖር ሥራውን የሠራው ማን ነው? ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ ስሙን ጻፉ።

መልሳችሁን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አስገቡ። የ3ኛውን ጥያቄ መልሶች በሚቀጥለው እትም ከነስማቸው እናወጣለን።