የጠበበ መንገድ ሒሳብ

ከኮተቤ እስከ አያት መሬት ሲሸነሸን ዋናው ሙግት የውስጥ መንገዱ ስፋት ነው። ፊቱ 10፣ ጥልቀቱ 20 ሜትር የሆነ 200 ካሬ ሜትር ቦታ እንውሰድ። በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የሚያልፈው መንገድ 10 ሜትር ቢሆን፣ ግማሹ የዚህ ቦታ ድርሻ ስለሆነ 50 ካሬ ይወስዳል፤ 6 ሜትር ቢሆን 30 ብቻ። ሸንሻኙ 12 ቦታ ይወጣው ከነበረው 3,000 ካሬ ሜትር ላይ 13 ያወጣል። አሥራ ሦስተኛው ንጹሕ ትርፍ ይመስላል።

ወጪው ግን ወደ ገዢው ዞረ እንጂ አልጠፋም። በግራና በቀኝ መኪና ከቆመ በ6 ሜትሩ መካከል የሚቀረው 2 ሜትር ገደማ ነው፤ የእሳት አደጋ መኪና አያልፍበትም። ከእንጦጦ ግርጌ ደግሞ የክረምቱ ጎርፍ አለ፤ ቦዩ ከዚያው ስፋት ላይ ይቀነሳል። ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ የወረደ ጠባብ መንገድ ራሱ ቦይ ይሆናል።

የአዲስ አበባ 10ኛው መሪ ፕላን ለመንገድ የመደበው 30 በመቶ ነው። በምሳሌያችን ባለ 10 ሜትሩ 20 በመቶ፣ ባለ 6 ሜትሩ 13 በመቶ ብቻ ይይዛል። ገዢ ከመፈረሙ በፊት ከአጥር እስከ አጥር በሜትር ይለካ፤ ቦዩንም ይቀንስ።