የኢንጂነሩ ሁለት ዓመት ስንት ያወጣል?

ኮንሰልታንት ቤት ወይስ ሁለተኛ ዲግሪ፦ በሮቤ ነጋዴ ሚዛን የተሠራ ስሌት

በሮቤ ስንዴ የሚነግድ ሰው መጋዘኑ ሲሞላ ሁለት ምርጫ አለው፤ አሁን መሸጥ ወይም ዋጋ እስኪወጣ ማቆየት። ማቆየት በነፃ እንዳልሆነ ማንም አይነግረውም። የመጋዘን ኪራይ አለ፣ ነቀዝ አለ፣ ከሁሉ በላይ የታሰረ ገንዘብ አለ። ይኸው ሰው ልጁ በምሕንድስና ተመርቆ መጥቶ “ልቀጠር ወይስ ማስተርሴን ልቀጥል?” ሲለው ግን ያን ሁሉ ስሌት ይረሳዋል። የትምህርት ክፍያው ስንት እንደሆነ ይጠይቃል እንጂ የታሰረውን ገንዘብ አይቆጥርም። የዛሬው ትምህርታችን ይህንኑ ስለ መቁጠር ነው።

ጉዳዩ ለባሌ ሰው ሩቅ አይደለም። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መሐንዲስ መሆን የፈለገ የሮቤም ሆነ የጎባ ልጅ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ መግባት፣ አለዚያም አርባ ምንጭን የመሰለ ሌላ ከተማ መሄድ ነበረበት። ዛሬ ሲቪል ምሕንድስና እዚያው ሮቤ ይሰጣል። ለሁለተኛ ዲግሪ ግን ብዙዎቹ አሁንም ወደ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ጅማ ወይም አርባ ምንጭ ያያሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና፣ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ለመግባት ደግሞ ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና መጥተዋል። ፈተናው አለፈ፤ ከዚያስ?

በቅድሚያ “ኮንሰልታንት” የሚለው ቃል ግር እንዳያሰኝ። በአሜሪካና በአውሮፓ ኮንሰልቲንግ ሲባል ብዙውን ጊዜ ከረባት አስሮ ለኩባንያ ኃላፊዎች የአመራር ምክር መሸጥ ነው። እነዚያ ድርጅቶች ወጣት መሐንዲሶችን የሚፈልጓቸው ስሌት ስለሚችሉ እንጂ ድልድይ እንዲሠሩላቸው አይደለም። እኛ ዘንድ ኮንሰልታንት ቤት የሚባለው ዲዛይን የሚያወጣውና ሥራ ተቋራጩ በዲዛይኑ መሠረት መሥራቱን ባለቤቱን ወክሎ የሚቆጣጠረው ነው። ጀማሪው መሐንዲስ ቦት ጫማ አጥልቆ የታሰረ ብረት ይቆጥራል፣ የኮንክሪት ናሙና ላቦራቶሪ ይልካል፣ ለተቋራጩ ክፍያ የሥራ መጠን ይለካል። የግል ቤቶች አሉ፤ በመንግሥት በኩልም በ2008 ዓ.ም. ሦስት የዲዛይን ድርጅቶች ተዋሕደው የኢትዮጵያ ኮንስትራክሽን ዲዛይንና ሱፐርቪዥን ሥራዎች ኮርፖሬሽን ተብለው ነበር።

እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ስለሆኑ አንባቢ በራሱ ቁጥር ይተካቸው። ልጁ ዛሬ ቢቀጠር በእጁ የሚደርሰው 12,000 ብር ነው እንበል። ሁለተኛ ዲግሪ በመደበኛው ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ የሚቀርበት ደመወዝ 24 ጊዜ 12,000፣ ማለትም 288,000 ብር ነው። ለትምህርት ክፍያ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍና ሥራ ላይ ቢሆን ከሚያወጣው በላይ ለሚወጣ የቤት ኪራይ 102,000 ብር እንጨምር። ጠቅላላው 390,000 ብር ሆነ። አባት የጠየቀው ስለ 102,000 ብሩ ብቻ ነበር።

ይህ ገንዘብ በምን ይመለሳል? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የማስተርሱን ደመወዝ ልጁ ዛሬ ከሚያገኘው 12,000 ጋር ያወዳድራል። ውድድሩ ግን ሁለት ዓመት ሠርቶ ደመወዙ ካደገለት ከዚያው ልጅ ጋር ነው። ባለ ልምዱ 16,000፣ አዲሱ ባለ ማስተርስ 17,000 ቢያገኙ ልዩነቱ በወር 1,000 ብር ነው። 390,000 ለ1,000 ሲካፈል 390 ወር፣ ማለትም 32 ዓመት ተኩል ይሆናል። ልዩነቱ 6,000 ብር ከሆነ ግን 65 ወር፣ አምስት ዓመት ከአምስት ወር ነው። ብር በየዓመቱ የመግዛት አቅሙ እንደሚቀንስ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። የዛሬው 390,000 ብር ከነገው 390,000 ብር ጋር አንድ አይደለም።

ታዲያ ልዩነቱ 1,000 ይሁን 6,000 የሚወስነው ማነው? ቀጣሪው ይመስለናል። ከቀጣሪው ጀርባ ግን ጨረታው አለ። ኮንሰልታንት ቤት ሥራ የሚያገኘው ያሉትን ባለሙያዎች ዝርዝር አቅርቦ ነጥብ በማስቆጠር ነው። የዓለም ባንክ መደበኛ የኮንሰልታንት ጨረታ ሰነድ የአንድ ቁልፍ ባለሙያ ነጥብ እንዴት እንደሚከፈል ያስቀምጣል። ለአጠቃላይ ትምህርትና ልምድ ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ ለሥራው ተስማሚነት፣ ማለትም በዘርፉና በተመሳሳይ ሥራ ላለው ትምህርት፣ ሥልጠናና ልምድ ከ60 እስከ 80 በመቶ፣ አካባቢውን ለማወቅና ቋንቋውን ለመቻል እስከ 10 በመቶ። ልብ ይበሉ፤ ትምህርት በሁለቱም ሳጥን ውስጥ አለ። ትልቁ ሳጥን ግን ከሥራው ጋር የተያያዘውን ብቻ ነው የሚቀበለው። ተመሳሳይ ሥራ ያልሠራ ሰው ያን ሳጥን በዲግሪ ብቻ አይሞላውም። ሦስተኛው ሳጥን ደግሞ ኦሮምኛ ለሚናገር የባሌ ልጅ ያለ ትምህርት ክፍያ የተሰጠ ነው።

ከዚህ ተነስተን የእኛን ሐሳብ እንናገር። ሥራ ያገኘ ልጅ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ ቢማር ይሻለዋል። ምክንያቱ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ሥራው የሚጠናውን ጥያቄ ያሳየዋል። የሮቤንና የሲናናን ሜዳ እንውሰድ። ብዙው ቦታ መረሬ አፈር ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በልግም መኸርም በሚዘንብበት በዚህ አገር ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደጋገማል። ግድግዳው በሁለተኛ ዓመቱ የተሰነጠቀበት ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የመንገድ ትከሻ ሲከዳና ወለል ሲነሳ በዓይኑ ያየ መሐንዲስ በአፈርና መሠረት ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ቢይዝ የሚሸጠውን ነገር አውቆ ነው የሚገዛው። በደሎ መና በወልመል ወንዝ የመስኖ ሥራ ላይ የቆየም ለውሃ ምሕንድስና እንደዚሁ። በመካኒካል የተመረቀውማ በመኸር ወቅት የኮምባይነር ባለቤቶች የሚከፍሉትን ቢያይ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ያመነታ ይሆናል።

ለዚህ ሐሳብ ሦስት ተቃራኒዎች አሉ። መምህር ወይም ተመራማሪ መሆን የቆረጠ አይዘግይ፤ የዩኒቨርሲቲ በር ያለ ሁለተኛ ዲግሪ ብዙም አይከፈትም። ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ በረዳት ምሩቅነት በዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ ደመወዝ እየበላ የሚማርበት መንገድም አለ። በዚህ መንገድ 288,000ው በአብዛኛው አይቀርበትም፤ በምትኩ ተመልሶ የማገልገል ግዴታ ይፈርማል። ግዴታው ስንት ዓመት እንደሆነና ቢያፈርስ ምን እንደሚከፍል ከመፈረሙ በፊት ያንብበው፤ ዋስ የሚሆኑት አባትም ያንብቡት። ወጪው ሁሉ ተሸፍኖለት ወደ ውጭ የሚሄድም ስሌቱ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ተቃራኒ ይበልጥ ያሳስባል። ሥራ ያላገኘው ልጅ የሚቀርበት ደመወዝ የለም። የእሱ ወጪ 102,000 ብቻ ነው፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ መማሩ ርካሽ ነው። ግንባታ ሲቀዘቅዝ የማስተርስ አመልካች የሚበዛውም ለዚህ ነው። አደጋው በሁለት ዓመቱ መጨረሻ ሁለት ዲግሪ ይዞ፣ ያለ አንድ ቀን ልምድ ያንኑ ገበያ መጋፈጡ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ እየተማረ በክረምትና በእረፍት ጊዜ በአነስተኛ ክፍያም ቢሆን ሳይት ላይ ቢውል እንመክራለን። የማታና የቅዳሜ እሑድ ትምህርት ጥሩ መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ ወይም አዳማ ቢሮ ለሚሠራ እውነት ነው፤ ሳይቱ ደሎ መና ላይ ለሆነ ግን አይሆንም።

ለመቀጠር የመረጠ ደግሞ ወረቀቱን ይጠብቅ። የኮንሰልታንት ቅጥር ብዙ ጊዜ ከፕሮጀክቱ ጋር ያበቃል፤ የመንግሥት ክፍያ ሲዘገይም ደመወዝ ይዘገያል። በግል ድርጅት የተሠራ ልምድ በሌላ ቦታ ሲቀርብ የሥራ ግብር የተከፈለበት ለመሆኑ ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ መቆረጡን፣ ድርጅቱም 11 በመቶ መጨመሩን፣ ግብሩም በሙሉ ደመወዙ ላይ መከፈሉን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ያረጋግጥ። የልምድ ደብዳቤው የፕሮጀክቱን ስም፣ የሥራ መደቡንና ቀኑን ከነመጨረሻው ይግለጽ። ደብዳቤው የሚጠየቀውም ፕሮጀክቱ እንዳለቀ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ለጨረታ ሲፈለግ ማኅተሙን የያዘው ሰው ላይገኝ ይችላል።