ስለ ስምንት ሰዓቱ እንቅልፍ

ኮሌጅ የገባን ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። ከምሳ በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሌክቸር ይጀመራል፤ መምህሩ ሁለተኛውን ርእስ ሳይዙ በኋላ ረድፍ ያሉት ራሶች እንደ ስንዴ ዛላ ይወዛወዛሉ። ደብተሩም ላይ ግማሹ ፊደል፣ ግማሹ የተንሸራተተ የእስክርቢቶ መስመር ይሆናል። ያን ቀን ያመለጠን ትምህርት ግን በፈተና ወረቀት ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ከደመወዟ ቆርሳ የምታስተምረን እናትም ውጤታችንን ትጠብቃለች።

ብዙዎቻችን በምሳው እናሳብባለን። ነገሩ ከፊል እውነት ነው፤ ሆኖም ሰውነታችን ከቀትር በኋላ በራሱ ጊዜ ስለሚዝል ምሳ ያልበላ ጿሚም ያንቀላፋል። ዋናው ባለዕዳ ያለፈው ሌሊት ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስንተኛም ይቀንሳል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝ ድካሙን ይሸፍናል እንጂ ዕዳውን አይከፍልም። ከጠጣነውም ግማሹ ያህል ከ5 ሰዓት በኋላ ገና በሰውነታችን ውስጥ ነው። ስለዚህ የማታ ቡና የሌሊቱን እንቅልፍ ይሰርቅና በማግስቱ አዳራሽ ውስጥ ያስተኛናል።

ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ተማሪ እንደ ጎበዝ ሲወደስ እንሰማለን። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ያነበብነው በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜም ጭምር ነውና። ለወጣት በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ዶርም ውስጥ ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ከምሳ በኋላ ሃያ ደቂቃ ጋደም ማለት ይረዳል።

አዳራሽ ከገባን በኋላስ? ፊት ረድፍ እንቀመጥ፤ መስኮት እናስከፍት። መምህሩ የሚሉትን ቃል በቃል መገልበጥ እጅን እንጂ አሳብን አያነቃም፤ በራሳችን አነጋገር አሳጥረን እንጻፍ፤ በኅዳጉም ያልገባንን በጥያቄ መልክ እናስፍር። ጥያቄ ይዞ የተቀመጠ ሰው ቶሎ አይተኛም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 የምናገኘው ወጣቱ አውጤኪስ፣ የጳውሎስ ትምህርት እስከ እኩለ ሌሊት ሲረዝም በመስኮት ላይ እንዳለ እንቅልፍ ጥሎት ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። ጳውሎስ ወርዶ አቀፈው፤ ከዚያም እስኪነጋ ንግግሩን ቀጠለ። ልጁን እንደ ገሠጸው ግን አልተጻፈም። እኛም ጎናችን የተኛው ጓደኛ ላይ ከመሳቅ በክርን ነካ እናድርገው፤ ሲወጣም ያመለጠውን እናስረዳው።