ከሱፍ ውሃ ወደ ኮኮናት ወተት

በማስተማር ልምምድ ወቅት የተመደብሁት አዳሚ ቱሉ ነበር። አንድ ቀን የደረሰኝ የ7ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ንባብ የኮኮናት ወተት በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ነው። ቃሉን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍሁና አጠገቡ ክብ ነገር ሥዬ፣ «ይህ ኮኮናት ይባላል» አልሁ። ከወደኋላ አንዱ «ዱባ ነው እንዴ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ወተቱ ከየት እንደሚወጣ ማስረዳቱ ጨርሶ አቃተኝ። እኔስ መች ሠርቼው አውቃለሁ!

ያወጣችኝ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ እንደ ሱፍ ውሃ ነው?» አለች። አዎን፣ ልክ እንደ ሱፍ ውሃ ነው።

እንግዲህ ውድ ሠልጣኞች፣ ከምናውቀው እንነሣ። ለጾም ፍትፍት የሚሆነው ሱፍ በመጀመሪያ ተለቅሞ ይታጠባል። አንዳንዱ ቤት ለስለስ አድርጎ ያምሰዋል፣ ሌላው ይቀቅለዋል። ከዚያ በሙቀጫ ይወቀጣል። ለ1 ብርጭቆ ሱፍ 3 ብርጭቆ ያህል ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ ጨምሮ በእጅ ማሸትና በንጹሕ ስስ ጨርቅ ማጥለል ነው። ቅርፊቱ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ጥቂት ውሃ ጨምረው ቢደግሙት ቀጠን ያለ ሌላ ጭማቂ ይወጣዋል። ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው ገብቶበት እንጀራ ይፈተፈትበታል። በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ግን አያድርም፤ የዕለቱን በዕለቱ መጨረስ ነው።

ነጭ የሚሆነው ለምንድን ነው? የሱፍ ፍሬ ዘይትም ፕሮቲንም አለው። ሲወቀጥና ከውሃ ጋር ሲታሽ ዘይቱ ዐይን ወደማያያቸው ጠብታዎች ተከፋፍሎ በውሃው ውስጥ ይበተናል። ፕሮቲኑ እያንዳንዱን ጠብታ እንደ ልብስ ስለሚሸፍነው ጠብታዎቹ ቶሎ አይገጣጠሙም። ብርሃን በነዚህ ጠብታዎች ላይ እያረፈ በየአቅጣጫው ስለሚበተን ፈሳሹ ነጭ ሆኖ ይታየናል። የላም ወተትም እንዲሁ ነው። ለክፍል ሙከራ ሁለት ብርጭቆ ይበቃል፤ በአንዱ ውሃና ዘይት መትቶ ማስቀመጥ፣ በሌላው የሱፍ ውሃ። የመጀመሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ይለያል።

ኮኮናትም መንገዱ ይኸው ነው። ፍሬው ሲሰበር የሚፈሰው ጥርት ያለ ውሃ ግን ወተቱ አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በሞምባሳና በዛንዚባር ጥርስ ያለው ብረት በተገጠመበት ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብለው ነጩን ሥጋ ይፈቀፍቁታል። መቀመጫውን በስዋሂሊ «ምቡዚ» ይሉታል፣ ፍየል ማለት ነው። (ይህን ስነግራቸው ልጆቹ «ታዲያ የፍየል ወተት ነዋ!» አሉኝ።) የተፈቀፈቀውን ለብ ባለ ውሃ አሽተው በጨርቅ ይጨምቁታል። የመጀመሪያው ወፍራም፣ ሁለተኛው ቀጭን ነው። በቀጭኑ ሩዙንና ወጡን ያበስሉበታል፤ ወፍራሙን ወደ መጨረሻው ይጨምሩታል።

በማግሥቱ ሙቀጫ ተውሰን ክፍል ውስጥ ሠራነው። ታዲያ ሁለት ጥያቄ መጣ። አንዱ፣ «የቁልቋል ወተትስ?» የሚል ነው። የከተማይቱ ስም ራሱ በአፋን ኦሮሞ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ስለሆነ ልጆቹ ቁልቋል ሲቆረጥ የሚወጣውን ነጭ ፈሳሽ ጠንቅቀው ያውቁታል። እሱ መርዝ ነው፤ ዐይን ውስጥ ቢገባ ክፉኛ ይጎዳል። ነጭ ሁሉ አይጠጣም አልኋቸው።

ሁለተኛውን የጠየቀችው ያችው ልጅ ናት። «ላማችን ነጥፋለች። ለሕፃኗ እኅቴ ይህን ብንሰጣትስ?»

ቸኩዬ «ጥሩ ሐሳብ ነው» ልል ምንም አልቀረኝ። ደግነቱ ዝም አልሁ። 6 ወር ያልሞላው ሕፃን የእናት ጡት ወተት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ከዚያ በኋላም ቢሆን የሱፍም የኮኮናትም ወተት የጡትን ወይም የላምን ወተት አይተካም፤ ካልሲየሙ አነስተኛ ነው፣ ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ የለውም። ምግብ ለጀመረ ልጅ በገንፎ ላይ ጥቂት ቢጨመር ዘይቱ ይጠቅመዋል። እኅቷ ስንት ወሯ እንደሆነ ጠየቅኋት። «አራት» አለችኝ። እናትዮዋ ጡት ማጥባቷን እንዳታቋርጥ፣ ወተቷ ያነሰ ከመሰላትም ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ንገሪያት ብዬ ላክኋት።