እጅ ከማውጣት በፊት፦ ከመናኸሪያ የመጡ የሒሳብ ውድድር መለማመጃዎች

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን የሒሳብ ዓምድ ዛሬ ይዞላችሁ የቀረበው ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል የሚሆኑ የውድድር መለማመጃ ጥያቄዎችን ነው። 6ኛ ክፍሎችም ሞክሩት፤ አይከለከልም። ጥያቄዎቹን ከሩቅ አላመጣናቸውም። ሁላችንም ከምናውቀው ከሆሳዕና መናኸሪያ ነው የወሰድናቸው።

ለምን መናኸሪያ? ምክንያት አለን። ከትምህርት መልስ መናኸሪያ ሄደው ማስቲካና ሶፍት የሚሸጡ፣ ሊስትሮ የሚሠሩ ልጆች በየክፍላችን አሉ። መቶ ብር ተቀብለው መልስ ሲሰጡ አንድ ብር አይሳሳቱም። እነዚሁ ልጆች ክፍል ውስጥ ሲገቡ ግን «ሒሳብ አይገባኝም» ይላሉ። የጥያቄና መልስ ውድድር ሲሆን ደግሞ ነጥቡን የሚወስደው እጁን ቀድሞ ያወጣ ነው። ረጋ ብሎ የሚያስበው ልጅ ገና እያሰበ ጥያቄው ያልፈዋል። ከዚያ «በቃ እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ይቀመጣል።

ግን የሒሳብ ውድድር የሩጫ ውድድር ነው ያለው ማነው? በዓለም ከታወቁት የተማሪዎች የሒሳብ ውድድሮች አንዱን እንይ። ዓለም አቀፍ የሒሳብ ኦሎምፒያድ ይባላል። በ1951 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1959) ሩማንያ ውስጥ በ7 አገሮች ተጀመረ። የሚወዳደሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ጥያቄዎቹ ስንት እንደሆኑ ታውቃላችሁ? 6 ብቻ! የሚሰጠው ጊዜ ግን ሁለት ቀን ነው፤ በየቀኑ 4 ሰዓት ተኩል። 9 ሰዓት ለ6 ጥያቄ ሲካፈል ለአንዱ ጥያቄ አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሰዋል። እዚያ የሚያሸንፈው አንድ ጥያቄ ላይ ቁጭ ብሎ ማሰብ የሚችል ነው። አባቶችም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ።

ስለዚህ ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት ሦስት ነገሮች ያዙ፦

1. ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ የተጠየቀውን ከሥሩ አስምሩበት።
2. ቁጥሩ ከበዛባችሁ መጀመሪያ በትንሽ ቁጥር ሞክሩ።
3. መልስ ስታገኙ «ይሄ ነገር ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

እሺ፣ አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። ማብራሪያውን በደብተር ሸፍኑና ራሳችሁ ከሞከራችሁ በኋላ ብቻ ግለጡ።

ጥያቄ 1፦ የጎማ ቆጠራ

መናኸሪያው በር ላይ ባለ 3 ጎማ ባጃጆችና ባለ 4 ጎማ ሚኒባሶች ቆመዋል። በአጠቃላይ 20 ናቸው። መሬት የነኩት ጎማዎች ሲቆጠሩ 68 ሆኑ። ባጃጆቹ ስንት ናቸው?

ማብራሪያ፦ 20ዎቹም ባጃጅ ናቸው እንበል። 20 × 3 = 60 ጎማ ይሆናል። ግን የተቆጠረው 68 ነው፤ 8 ጎማ ተረፈ። አንድን ባጃጅ አውጥተን በሚኒባስ ብንተካው አንድ ጎማ ብቻ ይጨምራል። 8 ጎማ እንዲጨምር 8 ሚኒባስ ያስፈልጋል ማለት ነው። ባጃጆቹ 20 − 8 = 12 ናቸው። እናረጋግጥ፦ 12 × 3 = 36፣ 8 × 4 = 32፣ ድምሩ 68። ልክ ነው! 8ኛ ክፍሎች በኤክስና በዋይ መሥራት ትችላላችሁ፤ መልሱ ያው ነው።

ጥያቄ 2፦ መቼ ይገናኛሉ?

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሀላባና ወደ ወራቤ የሚሄዱ መኪኖች አንድ ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ የዱራሜው በየ24 ደቂቃ፣ የሀላባው በየ30 ደቂቃ፣ የወራቤው በየ40 ደቂቃ ይወጣል። ሦስቱም እንደገና አንድ ላይ የሚወጡት ስንት ሰዓት ነው? (በእውነቱ መኪና የሚወጣው ሲሞላ እንደሆነ እናውቃለን። ለጥያቄያችን ያህል ግን ሰዓት አክባሪ እናድርጋቸው!)

ማብራሪያ፦ ብዙ ሰው ቸኩሎ ሦስቱን ያባዛል፦ 24 × 30 × 40 = 28,800 ደቂቃ። እዚህ ላይ ሦስተኛውን ነገር አስታውሱ፤ ይሆናል ወይ? 28,800 ደቂቃ ማለት እኮ 20 ቀን ነው! የሚፈለገው ሦስቱም ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ትንሹ ቁጥር፣ ማለትም ትንሹ የጋራ ብዜት ወይም ኤል ሲ ኤም ነው።

24 = 2 × 2 × 2 × 3
30 = 2 × 3 × 5
40 = 2 × 2 × 2 × 5

ከእያንዳንዱ ዋና ቁጥር ብዙ ጊዜ የመጣበትን እንወስዳለን፦ 2 × 2 × 2 × 3 × 5 = 120 ደቂቃ። 120 ደቂቃ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አንድ ላይ ይወጣሉ።

ጥያቄ 3፦ የትኬት ዓይነት

ሆሳዕና፣ ሾኔ፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾና አንጋጫ 5 ከተሞች ናቸው። ከእያንዳንዱ ከተማ ወደ ሌላው ለመሄድ የተለየ ትኬት ቢታተም ስንት ዓይነት ትኬት ያስፈልጋል? የመሄጃውና የመመለሻው ትኬት የተለያየ ነው።

ማብራሪያ፦ በትንሽ ቁጥር እንጀምር። 2 ከተማ ቢሆን 2 ትኬት ነው፤ መሄጃና መመለሻ። 3 ከተማ ቢሆን ከእያንዳንዱ ወደ ሁለቱ ስለሚኬድ 3 × 2 = 6። 4 ቢሆን 4 × 3 = 12። አያችሁ? መንገዱ ተገኘ። ለ5 ከተማ 5 × 4 = 20 ትኬት። 25 ያለ ሰው ከዱራሜ ወደ ዱራሜ ትኬት ቆርጧል! 10 ያለ ደግሞ ሰዎቹን ወስዶ ሳይመልሳቸው ቀርቷል።

ጥያቄ 4፦ አማካይ ፍጥነት

አንድ አውቶቡስ 120 ኪሎ ሜትር መንገድ ሲሄድ በሰዓት 60፣ ሲመለስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው?

ማብራሪያ፦ «50!» ብሎ እጁን የሚያወጣ ብዙ ነው። ጥያቄው የተዘጋጀውም ለእሱ ነው። አማካይ ፍጥነት ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ጊዜ ሲካፈል ነው። ለመሄድ 120 ÷ 60 = 2 ሰዓት፣ ለመመለስ 120 ÷ 40 = 3 ሰዓት ፈጀ። 240 ÷ 5 = 48። ከ50 ለምን አነሰ? አውቶቡሱ ቀስ ብሎ በመሄድ ብዙ ሰዓት ስላሳለፈ ነው። ርቀቱን 240 አድርጋችሁ ሞክሩት፤ መልሱ ይለወጣል?

ጥያቄ 5፦ ያለ ካላንደር

የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ሐሙስ ነበር። ሰኔ 1 የሚውለው መቼ ነው?

ማብራሪያ፦ በጣታችሁ 270 ቀን አትቁጠሩ! የእኛ 12 ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው። 30 ለ7 ሲካፈል ቀሪው 2 ነው። ስለዚህ አንድ ወር ባለፈ ቁጥር ቀኑ በ2 ይገፋል። ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 1 ድረስ 9 ወር አለ፤ 9 × 2 = 18። 18 ለ7 ሲካፈል ቀሪው 4 ነው። ከሐሙስ 4 ቀን ስንቆጥር፦ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። መልሱ ሰኞ ነው። በፈረንጆቹ ካላንደር ይህ ዘዴ እንዲህ አይቀልም፤ ወሮቻቸው ከ28 እስከ 31 ቀን እየሆኑ ይለያያሉ። የእኛ ለሒሳብ ይመቻል!

አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው

ሀ. ባለ 2 ጎማ ሞተር ሳይክሎችና ባለ 3 ጎማ ባጃጆች በድምሩ 15 ናቸው። ጎማቸው 38 ነው። ሞተሮቹ ስንት ናቸው?

ለ. 8 ተወዳዳሪዎች እያንዳንዳቸው ከሌሎቹ ሁሉ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ተጨባበጡ። ስንት መጨባበጥ ተደረገ? (ፍንጭ፦ ከትኬቱ ጥያቄ ጋር ልዩነቱ ምንድን ነው?)

ሐ. የ2018 ገና ታኅሣሥ 29 ነው። በምን ቀን ዋለ? ሠርታችሁ ስትጨርሱ ካላንደር ላይ አረጋግጡ።

መልሱን ከነአሠራሩ ጽፋችሁ ለክበባችን አባላት ስጡ። መልስ ብቻ ከሆነ አንቀበልም፤ እንዴት እንዳሰባችሁ ነው ማየት የምንፈልገው። መልሶቹ በሚቀጥለው ሳምንት በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያችን ይነበባሉ።

በመጨረሻም ለተከበራችሁ መምህራኖቻችን አንድ ልመና አለን። ትምህርት ቤታችንን ወክለው የሚወዳደሩ ተማሪዎች ሲመረጡ፣ እባካችሁ ጥያቄውን ካነበባችሁልን በኋላ ሁለት ደቂቃ ስጡን። መልሱን ሁላችንም በወረቀት እንጻፍ። ያኔ ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ማስቲካ ሻጭ ልጅ፣ እጇን ማውጣት የምታፍረው ልጅ ምን እንደሚችሉ ይታያል።

እናንተም ጓደኞቻችን፣ ቶሎ አልመጣልኝም ብላችሁ ሒሳብን አትተዉት። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም ቢሆን በመጨረሻ የሚያየው የተጻፈውን መልስ እንጂ ማን ቀድሞ እንደጮኸ አይደለም።

መልካም ልምምድ! ቸር እንሰንብት።

የሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ የሒሳብ ዓምድ